ዘጠኝ አባቶች፣ አንድ ባዶ ክብ

«...ሎላሞ፣ ኤርሳዶ፣ ፉንጃሞ፣ ሄሌቦ...»

«ቀስ ይበሉ አባባ! ገና ፉንጃሞ ላይ ነኝ።»

አባባ እንድርያስ ቀስ የሚሉ ሰው አይደሉም። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ዐይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም ሲነሱ ይንቋቋል። የአባቶቻቸውን ስም ሲቆጥሩ ግን ልክ እንደ ልጅነታቸው ሳይተነፍሱ ነው የሚወርዱት። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት ያጥፋሉ። ዘጠኙ ሲያልቁ አንዲት ያልታጠፈች ጣት ቀረቻቸው፤ በእሷ ወደ ደረታቸው ጠቆሙ።

«አሥረኛው እኔ!»

የልጅ ልጃቸው ፍሬሕይወት አቮካዶ ዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አባቷ ከመሥሪያ ቤት ያመጣላትን ትልቅ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ዘርግታ የዘር ሐረግ ትሥል ነበር። ወንድ ሲሆን አራት ማዕዘን፣ ሴት ስትሆን ክብ፣ የታመመ ካለ ደግሞ ውስጡ ይጠቁራል። እስካሁን ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ አሥር አራት ማዕዘኖች ነበሯት። ክብ የሚባል ነገር አልነበረም።

«እሺ፣ አሁን ደግሞ በምን እንደሞቱ ይንገሩኝ።»

«በምን ይሞታሉ? ዕድሜ ጠግበው ነዋ!»

«ሁሉም?»

«ኤርሳዶ ከፈረስ ወድቆ ነው» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ግን እሱም ጠግቦ ነው የወደቀው።»

«ሴቶቹስ?»

«የትኞቹ ሴቶች?»

ፍሬ ቀና ብላ አየቻቸው። እየቀለዱ አልነበረም። ዘጠኝ ወንዶች ተራ በተራ እርስ በርሳቸው የተወላለዱ ይመስል፣ ጥያቄው በእርግጥ ግራ አጋብቷቸዋል። ብዙ ከለመነቻቸው በኋላ ሦስት ስም ሰጧት፤ እናታቸው ዳንሼ፣ ታላቅ እህታቸው ላምባሜ፣ ታናሽ እህታቸው አዱሌ። ሦስቱም፣ እግዜር ይመስገን፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት።

ፍሬ ሦስት ክብ ሣለች፤ ልቧ ግን አላመነም።

ይህ ሁሉ የጀመረው ከዐሥር ቀን በፊት ሆሳዕና ከተማ፣ እነፍሬ ቤት ነው። ዱራሜ ሒሳብ የምታስተምረው የአባቷ እህት ወርቅነሽ መጣችና ፍሬን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ሻሿንም ፈታች። የጣት ስፋት የማይሞላ አዲስ ጠጉር ራሷን ሞልቶታል።

«ንኪው እስቲ! የግልገል ጠጉር አይመስልም?»

ፍሬ ነካችው። በእርግጥም ይመስላል። ከዚያ ወርቅነሽ እውነቱን ነገረቻት። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው መጋቢት ላይ የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን እንዳደረገች ነው። ያደረገችው ግን የጡት ካንሰር ኦፕሬሽን ነበር። ከዚያ ኬሞ ተከተለ፣ ጠጉሯም ረገፈ፣ ዊግ ገዛች። ይህን የሚያውቀው የፍሬ አባት ብቻ ነበር።

«አሁን ደህና ነኝ። በጊዜ ስለተገኘ ነው» አለች። «ግን ዶክተሯ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ እኔን አስተማሪዋን! ከአባትም ከእናትም ወገን ማን፣ በምን፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ ጻፊና አምጪ አለችኝ። አንዳንዱ ካንሰር በዘር ይወርዳል። ዘመዶቼ ውስጥ በወጣትነቷ የታመመች ሌላ ሴት ካለች፣ ኤልሳ ዕድሜዋ እስኪገፋ መጠበቅ የለባትም፤ ከአሁኑ መታየት አለባት።»

ኤልሳ የአባባ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በጥር ልታገባ ነው።

«ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?»

«አገራችንን ታውቂያለሽ። ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙሽራዋን ዘር ነው። ወረቀቱ ምንም ካላሳየ ልጅቷን በከንቱ ላስደንግጣት? መጀመሪያ እንወቅ። አባትሽ ቢጠይቅ ሁሉም ይጠረጥራል፤ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ማድረቅ ሥራሽ ነው። የባዮሎጂ ፕሮጀክት ነው በያቸው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!»

«ማርያምን!» አለች ፍሬ። ያኔ መማሉ ቀላል ነበር።

ስለዚህ የመስቀል ዕረፍት ሲገባ ለበዓሉ ዳምቦያ አጠገብ ወዳለው የአባባ ቤት መጣች፤ ወረቀቱን ጠቅልላ፣ ውሸቱን አዘጋጅታ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰበ። በመስቀል ሰሞን ዳምቦያ ውስጥ ቅቤ ያልነካው ነገር ቢፈለግ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ብቻ ነው የሚገኘው። ክትፎው በቅቤ ይዋኛል፣ ጎመኑ ያብለጨልጫል፣ አይቡ በቅቤ ተለውሷል። ወርቅነሽ ፊት ግን አንድ ሳህን ቅቅል ድንች ብቻ ተቀመጠ። ያስቀመጠችው ኤልሳ ናት፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስም አጠገቧ ቆመች።

«ኤልሲ፣ በናትሽ፣ አንዲት ጉርሻ ክትፎ።»

«ሐሞት ያለበት ሰው ቅባት አይነካም። ጎግል አድርጌያለሁ።»

«ጠጠሩ እኮ ወጥቷል!»

«ጎጆው ካለ ተከራይ አይጠፋም። ድንችሽን ብዪ።»

ወርቅነሽ ድንቹን በሹካ ወጋችው። ፍሬ ሳቋን ለማፈን ውኃ ጠጣች፤ ውኃው ትን አላት። አክስቷ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችውን ቅቤ በገዛ ውሸቷ ተከለከለች። ኤልሳ ደግሞ እህቷን እየጠበቀቻት ስለመሰላት ደስ ብሏት ትንጎራደዳለች። ፍሬ እሷን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ጠባቂ የሚያስፈልጋት ራሷ ኤልሳ ብትሆንስ?

ከምሳ በኋላ ወረቀቷን ይዛ ከእንሰቱ ጀርባ ወዳለው ቤት ወረደች። እዚያ የሚኖሩት የአባባ ታላቅ ወንድም ሚስት የነበሩት እማማ አበራሽ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ቃጫ ይጎነጉኑ ነበር፤ ፍሬን ሲያዩ በከምባትኛ ሰላምታ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱ።

«እማማ፣ የአባባ እናትና እህቶች በምን ነበር የሞቱት? ለትምህርት ቤት ነው። የባዮሎጂ ፕሮጀክት አለብን።»

«በእርጅና።»

«ሁሉም?»

«ለትምህርት ቤት ከሆነ ሁሉም በእርጅና ሞቱ ብለሽ ጻፊ፤ አስተማሪውን ምን ይጎዳዋል?» እማማ ጉንጉኑን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «ለሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ለማነው?»

ፍሬ ወረቀቷን አየች። ውሸቱን አንድ ጊዜ መድገም ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን ከደገመችው ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ‹በእርጅና፣ በእርጅና፣ በእርጅና› ነው። ዶክተሯ ታነበውና ኤልሳ ትቆይ ትላለች፤ ኤልሳም ድንች እየቀቀለች ትቆያለች። በሌላ በኩል መሐላ አለ። ወረቀቷን ጠቀለለችው፣ መልሳ ፈታችው።

«ለሰው ነው እማማ» አለች በመጨረሻ። «ማን እንደሆነ ግን ልነግርዎት አልችልም። ምያለሁ።»

«ንገሪኝ አልኩሽ? ዐይን አለኝ። ሐሞቱን የታመመ ሰው ልብስ ሲያሰጣ ግራ እጁ ከትከሻው በላይ አልወጣ አይልም።»

 እማማ መልስ ሳይጠብቁ ቃጫቸውን አነሱና ማውራት ጀመሩ። የቤቱ እናት፣ አሉ፣ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታክል ነገር ወጣባት። ምች ነው ተባለ፣ ዐይነ ጥላ ነው ተባለ፤ ሁለት ዓመት ተሠቃይታ ሞተች። ታላቂቱም እንዲሁ፣ ያውም ልጅ እያጠባች። ያቺ ቀይዋ ግን በወባ ነው። የአንጋጫዋ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማር፣ የጡቷን ቁስል በጎመን ቅጠል እየሸፈነች ገበያ ትወጣ ነበር።

«ስማቸው ማነው?»

እማማ ፍሬ የስድብ ቃል የተናገረች ያህል ቀና አሉ። «የባሏን እናትና እህት በስም የምትጠራ ምራት የት አይተሻል?»

«ከሞቱ እኮ ስንት ዓመታቸው ነው!»

«እነሱ ቢሞቱ እኔ አልሞትኩ!»

ፍሬ የሰማችውን እንደሰማችው ጻፈች። ‹የቤቱ እናት›፣ ‹ታላቂቱ›፣ ‹ቀይዋ›፣ ‹የአንጋጫዋ›። ከአባባ ሦስት ክቦች አጠገብ አራት ሌሎች ክቦች ተጨመሩ፣ ሦስቱን አጠቆረቻቸው። ሰባት ሴቶች! ይህን ያህል ሴት ከየት መጣ? ሦስት ጥቁር ክብ ከላይ፣ ከታች ወርቅነሽ፣ ከወርቅነሽ ጎን ኤልሳ። ከኤልሳ ዝቅ ብሎ፣ ከአባቷ አራት ማዕዘን ሥር፣ የራሷ ቦታ ነበር። እዚያ እስካሁን ምንም አልሣለችም። አሁን ደግሞ ጭራሽ ማየት አልፈለገችም። 

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አሉ እማማ።

«ብዙ ናቸው፣ እማማ። ከአባባ ስሞች ጋርም አልገጥም አሉኝ።»

«ገብቶኛል» አሉና ጉንጉናቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «እሱ ስም ያውቃል፣ ሕመም አያውቅም። እኔ ሕመሙን አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም። ተለያይተን ስንጠየቅ ሰው ይባዛል። ነይ፣ ደግፊኝ።»

አባባ እማማ አበራሽን ሲያዩ ከወንበራቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ተቀምጠው ሰላም አሉ። ሁለቱ ለስልሳ ዓመት ያህል ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በማን አጥር፣ በማን ጥጃ እንደጀመሩ ሁለቱም ረስተውታል።

«እንደገና የእናትዎን ስም ይንገሩኝ» አለች ፍሬ።

«ዳንሼ።»

እማማ መሬት መሬት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቤቱ እናት እሷ ናት። በጡቷ ነው።»

«በዕድሜ ነው!» አሉ አባባ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን አጥቦ ገነዛት? እናንተ ወንዶቹ ደጅ ነበራችሁ። አትንገሯቸው አለች፤ አልነገርናችሁም።»

 ከዚያ በኋላ የአባባ ድምፅ ዝቅ አለ። እሳቸው ‹ላምባሜ› ሲሉ እማማ ‹ታላቂቱ› ይላሉ። ‹አዱሌ› ሲሉ ‹ቀይዋ› ይላሉ።

«የአንጋጫዋስ?»

«ላምባሜ ናታ!» አሉ አባባ። «አንጋጫ ነው የተዳረችው።»

ፍሬ እማማን ዞራ አየቻቸው። «እማማ! አንዲቷን ሴት ሁለቴ ገደሏት እኮ!»

«አንቺ ነሽ ሁለቴ የጻፍሻት» አሉ እማማ ያለ አንዳች ጸጸት።

ሰባቱ ሴቶች ሦስት ሆኑ፤ የታመሙት ሁለት። ፍሬ ትንሽ ተጽናናች። ሁለትም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። ወረቀቷን ገልብጣ በንጹሑ በኩል እንደ አዲስ ሣለችው። ዕድሜው ቀረ። የላምባሜን ዕድሜ ማንም አልጻፈውም። ግን አባባ የክርስትና ካርዳቸው ላይ የተወለዱት በ1937 ነው ይላል፤ ላምባሜ በሦስት ዓመት ትበልጣቸዋለች። የሞተችው መሬት ላራሹ በታወጀ በዓመቱ፣ በ1968 እንደሆነ እማማ አረጋገጡ፤ ለቅሶው ላይ ስለ አዋጁ ሲወራ ነበር። ፍሬ ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀነሰች።

«ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።»

«ሠላሳ አራት» አሉ አባባ። ቁጥሩን ከዚህ በፊት አስበውት አያውቁም። «ለኔ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር። ገና ልጅ ነበረች!»

ፍሬ መስመሮቹን ማያያዝ ጀመረች። ከዳንሼ ክብ የወጣው መስመር ወደ ላምባሜ ሄደ። ሌላው ወደ አባባ አራት ማዕዘን ወርዶ፣ ከእሳቸው ሥር በሦስት ተከፍሎ ወደ ልጆቻቸው ደረሰ። አባባ በጣታቸው ተከተሉት።

«ይሄ በኔ በኩል ያልፋል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ እኮ የጡት በሽታ አልነበረብኝም።»

«ሳይታመሙም ያልፋል። ሰው ሁሉ የሴት በሽታ ከእናት ወገን ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ከአባትም ይወርዳል። ከአባት የሚወርደው ስም ብቻ አይደለም።»

 አባባ ጣታቸውን ከወረቀቱ አንስተው ፍሬን አዩ። «ማነው የታመመው?»

መልስ ሳትሰጥ ኤልሳና ወርቅነሽ መጡ። ኤልሳ መሐሉ በቅቤ የተሞላ የቡላ ገንፎ በትሪ ይዛለች፤ ወርቅነሽ ደግሞ የራሷን የማሽላ ቂጣ፣ ደረቁን፣ ፊቷን አጨፍግጋ ትከተላታለች። ኤልሳ ትሪውን አስቀምጣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ዋው! እኔም አለሁ እንዴ? ‹ኤልሳ፣ 27፣ ጤነኛ።› ሼም ነው ፍሬ፣ ‹ቆንጆ› የሚለውን ረሳሽው።» ጣቷ ወደ ጎን ሄደ። «ወንድሜ ገብርኤል፣ የደም ግፊት። እማዬ፣ ነፍሷን ይማር፣ እሷም የደም ግፊት። ወርቅዬ ጋ ለምን ባዶ ሆነ? ሁሉም ተጽፎለት የለ?»

 እማማ ወደ ሰማይ አዩ። ወርቅነሽ ከኤልሳ ጀርባ ሆና በዐይኗ ጻፊ፣ ጻፊ አለቻት። መጻፉ ከባድ አልነበረም፤ ሁለት ቃል ነው፣ የሐሞት ጠጠር። ፍሬ እስክሪብቶዋን ክቡ ላይ አደረሰችው። የወርቅነሽና የኤልሳ ክቦች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመሐላቸው አንድ ጣት ያህል እንኳ ክፍተት የለም። እዚያ ውሸት ብትጽፍ ዶክተሯ ጋ ሌላ ወረቀት ቢቀርብ እንኳ ኤልሳ ይህንን ነው የምታምነው።

እስክሪብቶውን አዙራ ለወርቅነሽ ዘረጋችላት።

«ይሄንን እኔ አልሞላውም፣ ወርቅዬ። ለማንም አልነገርኩም፤ ግን አልሞላውም።»

ወርቅነሽ ፍሬን፣ ከዚያ ኤልሳን፣ ከዚያ አባቷን አየች። ፍሬ የምትቆጣት መሰላት። ወርቅነሽ ግን ቂጣዋን አስቀመጠች፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና እስክሪብቶውን ተቀበለች። ክቡን ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ሳታልፍ፣ ሒሳብ አስተማሪ እንደሚያጠቁረው አጠቆረችው። አጠገቡ ‹በ41 ዓመቷ› ብላ ጻፈች። ከዚያ ሻሿን ፈታች።

«ሐሞቴ ጤነኛ ነው» አለች። «ሁልጊዜም ጤነኛ ነበር።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ስታወራ ድምጿ አንድ ቦታ ብቻ ተሰበረ፤ ኬሞ የጀመረች ቀን ኤልሳ ደውላላት ስለ ቬሎ ቀለም ስታማክራት አልጋ ላይ ተኝታ እንደነበር ስትናገር። ኤልሳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሲያልቅ ብድግ ብላ የእህቷን ትከሻ በቡጢ መታቻት፤ ቀኝ ትከሻዋን፣ መርጣ። ከዚያ አቅፋት አለቀሰች።

«ዊጉን ስታይል ቀየርኩ ያልሽኝ! እኔ ደግሞ ያምርብሻል ብዬ! ምናለ ብትነግሪኝ? እህትሽ አይደለሁም?»

«ሠርግሽን—»

«ሰባት ወር ሙሉ ባገኘሁሽ ቁጥር ድንች አበላሁሽ እኮ!» አለች ኤልሳ፤ ለቅሶው መሐል ላይ ሳቅ አመለጣት። ቀድመው የሳቁት እማማ አበራሽ ናቸው፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ።

«ድንቹን ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ወርቅነሽ አፍንጫዋን በሻሿ እየጠረገች። «አሁን ቅቤውን አቅርቡልኝ።»

ኤልሳ ወደ ትሪው ዞረች፤ አባባ ግን ቀደሟት። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሱና ትሪውን በሁለት እጃቸው አንስተው ልጃቸው ፊት አስቀመጡት። ፍሬ አባባ ለሰው ምግብ ሲያቀርቡ አይታ አታውቅም።

«በኔ በኩል ነው ያለፈው፣ ልጄ» አሉ።

«በእርስዎ በኩል ያለፈው እሱ ብቻ ነው እንዴ?» አለች ወርቅነሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ ቅቤው ውስጥ እየነከረች። «ይሄ ግትርነቴስ ከማን መጣ?»

አባባ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ጥቂት ቆይተው ሁሉም በሆዱ የያዘውን ነገር አነሱ። «የማቲዎስ ቤተሰቦች ቢሰሙስ?»

ማቲዎስ የኤልሳ እጮኛ ነው። ኤልሳ ዐይኗን ጠረገች። «ይሰማሉዋ፤ ዛሬ ራሴ እነግረዋለሁ። በወረቀት የሚደነግጥ ከሆነ ድንኳኑ ሳይተከል ይታወቅ። ማክሰኞ ደግሞ ወርቅዬ ዶክተሯ ጋ ስትሄድ አብሬያት ነው የምሄደው። ማንም እንዳይከለክለኝ!»

የከለከላት የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆሳዕና ዝናቡ አባርቶ ፍሬ በረንዳው ላይ ወረቀቱን ለቤታቸው እንዲቀመጥ በንጹሕ ትገለብጥ ነበር። ኤልሳ ጠዋት ደውላ ነበር። ታይታለች፤ ለጊዜው ምንም የለም፣ ግን ከእንግዲህ በየዓመቱ ትመረመራለች። ማቲዎስስ? መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር አለች። ዝምታው ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ምግብ አልበላሁም ብላ ማለች፣ ወርቅነሽ ግን ከኋላ ሆና «ትዋሻለች!» ብላ ጮኸች። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «የኛን ቤትስ ማንን ልጠይቅ?» አላት።

ፍሬ ከዳንሼ ጀምራ ወደ ታች ወረደች። ላምባሜ፣ አባባ፣ አባቷ፣ ወርቅነሽ፣ ኤልሳ። ከአባቷ ሥር ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ያንን ቦታ ሦስት ጊዜ ዘላዋለች፤ አንዴ እማማ በራፍ ላይ፣ አንዴ አቮካዶው ሥር፣ አንዴ ለዶክተሯ በተላከው ላይ። ለዶክተሯ በተላከው ላይ ወርቅነሽ ራሷ ሞላችላት። አሁን ፍሬ ክብ ሣለች፤ ትንሽ ተጣመመባት። ‹ፍሬሕይወት፣ 14፣ ጤነኛ› ብላ ጻፈች። ከጎኑ ለሚመጡት ዓመታት የሚበቃ ቦታ ተወች።

ከዚያ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ አየችው። በግራ በኩል ሞልቷል። በቀኝ፣ ‹ዮዲት› ከሚለው የእናቷ ክብ በላይ፣ ባዶ ነው።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «የሙዱላዋ አያትሽ ስሟ ማን ነበር?»

እናቷ የታጠበ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ ብቅ አለች። «ምን ያደርግልሻል? ለትምህርት ቤት ነው?»

ፍሬ ባዶውን ቦታ አየችው።

«አይደለም» አለች። «ለኛ ነው።»

እናቷ ልብሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና አጠገቧ ቁጭ አለች።